ሙሴና አሮን ተኮሱ፣ ኢያሱ ዝም አለ፦ የኦስካርስቦርግ መድፎች ታሪክ

ኖርዌይ ውስጥ ሙሴ፣ አሮን እና ኢያሱ የሚባሉ ሦስት መድፎች አሉ። ከባሕር ወደ ዋና ከተማዋ ኦስሎ የሚያስገባው መንገድ ድሮባክ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሲደርስ በጣም ይጠብባል። እዚያ ጥበት ላይ ካሆልመን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። መድፎቹ በደቡባዊቷ ደሴት ላይ ጎን ለጎን ተተክለዋል። ምሽጉ ኦስካርስቦርግ ይባላል።

ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ኖርዌያውያን በጠላት ላይ የተኮሱባቸው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ያውም ሁለት ጥይት።

የዚያች ሌሊት ታሪክ ብዙ ጊዜ ባጭሩ ነው የሚነገረው፤ «አሮጌ መድፍ አዲስ መርከብ አሰመጠ» ተብሎ ያልቃል። ይህ አነጋገር ደስ ይላል፣ ግን ዋናውን ነገር ያስቀርብናል። መድፎቹ 47 ዓመታቸው ነበር። መርከቡ ደግሞ ሥራ ከጀመረ ገና ሰባተኛ ወሩ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ቦታውን ማየት ያስፈልጋል።

ፊዮርድ ማለት ባሕሩ ወደ የብስ ውስጥ ረጅም መንገድ ገብቶ የሚፈጥረው ጠባብ ወሽመጥ ነው። የኦስሎው ፊዮርድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ኦስሎ መጨረሻው ላይ ናት። በመርከብ የሚመጣ ሁሉ፣ ወዳጅም ሆነ ጠላት፣ በዚህ አንድ መንገድ ማለፍ አለበት። ኦስካርስቦርግ ደግሞ ከኦስሎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ መንገዱ አንገት በሚሆንበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን የያዘ ከተማዋን ያዘ ማለት ነው።

ተፈጥሮ የሰጠችው ጥበት አልበቃ ያላቸው ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1879 ድረስ አንድ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ከደሴቶቹ በስተምዕራብ ያለውን የውኃ መንገድ በድንጋይ ዘጉት። 1,500 ሜትር ያህል የሚረዝም የድንጋይ ግንብ ከውኃ በታች ደረደሩ። ከላይ ሲታይ ባሕር ብቻ ነው። ትልቅ መርከብ ግን በላዩ አያልፍም፣ ሆዱን ድንጋዩ ይይዘዋል። ስለዚህ ትልቅ መርከብ የቀረው ምርጫ ከደሴቶቹ በስተምሥራቅ፣ በድሮባክ በኩል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ ብቻ ሆነ። በመድፎቹ አፈሙዝ ፊት። ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ግንብ ነው። ማንም ፎቶ አያነሣውም፣ ማንም ስም አላወጣለትም። ከመድፎቹ እኩል የሠራው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ መድፎቹ እንምጣ። ሦስቱም የጀርመኑ ክሩፕ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። እዚህ የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በዚያ ዘመን ኖርዌይ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች፣ ግንኙነቱም እየሻከረ ሄዶ ነበር። የምሽጉን ትጥቅ ለማደስ ያነሣሣው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የአፈሙዛቸው ስፋት 28 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ መድፍ 44 ቶን ይመዝናል፤ አንድ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ከነተሳቢው እንደሚጭነው በሉት። ከመርከብ ሲራገፉ አንደኛው አምልጦ ባሕር ውስጥ ገባ ይባላል። በስንት ትግል ተጎትቶ ወጣ። ከውኃ የወጣ ደግሞ ስሙ ማን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ አይነገረውም። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን «ከውኃ አውጥቼዋለሁ» ብላ ሙሴ እንዳለችው፣ ወታደሮቹም መድፉን ሙሴ አሉት። ሙሴ ካለ ወንድሙ አሮን መኖር አለበት። ሦስተኛው ኢያሱ ሆነ።

የአንዱ ጥይት ክብደት 255 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ይህን ሰው በትከሻው ተሸክሞ አያጎርሰውም። በማንሻ ከፍ ተደርጎ በመድፉ ጀርባ ይገባል፤ ባሩዱ ይከተላል፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከዚያ ኢላማው ይስተካከላል። የሠለጠነ ምድብተኛ ቢኖር እንኳ ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህን ያዙልኝ፣ የዚያች ሌሊት ትልቁ ውሳኔ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

የባሕር ዳር መድፍ ከመርከብ መድፍ በምን ይሻላል? የመርከብ መድፍ የሚተኮሰው ከሚወዛወዝና ከሚጓዝ ነገር ላይ ነው። የምድሩ መድፍ የቆመው አለት ላይ ነው። አይንቀሳቀስም። እዚያ ያሉ ወታደሮች እያንዳንዱን ቋጥኝና የወደብ ጫፍ ያውቃሉ። ርቀቱ አስቀድሞ ተለክቷል። ጠላት እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርስ ርቀቱ ይህን ያህል ነው ብለው በሰላም ጊዜ ሲለማመዱበት ኖረዋል። መርከበኛው ግን፣ ያውም በጨለማ፣ ከየት እንደሚተኮስበት እንኳ በቶሎ አያውቅም። ከዚህ ሌላ ምሽግ ቢመታም አይሰጥምም። ከባሕር ጋር የሚታገለው መርከቡ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የተደበቀው ነገር በሰሜናዊቷ ደሴት አለት ሆድ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1901 ድረስ የቶርፔዶ ባትሪ፣ ማለትም ቶርፔዶ የሚተኮስበት ምሽግ፣ ተሠራበት። ቶርፔዶ በውኃ ውስጥ በራሱ ሞተር የሚጓዝ ፈንጂ ነው። እዚህ የነበሩት ኋይትሄድ የሚባሉት፣ በጊዜው በኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው በፊዩሜ ከተማ የተሠሩ ናቸው። አሠራሩን ተመልከቱ። አለቱ ተፈልፍሎ አዳራሽ ሆኗል። ቶርፔዶው በሐዲድ ላይ እየተገፋ ይመጣል። የብረት ማቀፊያ ይቀበለውና ቀስ ብሎ ወደ ውኃ ውስጥ ያወርደዋል፤ ከባሕሩ ወለል በታች ሦስት ሜትር ያህል። ከዚያ ይለቀቃል። ጭስ የለም፣ ብልጭታ የለም፣ ድምፅ የለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው አለትና ውኃ ብቻ ነው። ይህ ባትሪ መኖሩ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በምስጢር ተጠብቋል። ጀርመኖችም ስለ መድፎቹ ያውቁ ነበር፣ ስለ ቶርፔዶው ግን አያውቁም ነበር።

እንግዲህ ሌሊቷን እንያት። ቀኑ በአውሮፓውያን ሚያዝያ 9 ቀን 1940 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1932 ዓ.ም። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ልጻፈው።

ኖርዌይ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። ጦርነት አላወጀችም፣ ጦርነትም አልታወጀባትም። ከእኩለ ሌሊት በፊት ፊዮርዱ መግቢያ ላይ የነበረች ፖል 3 የምትባል ትንሽ የጥበቃ ጀልባ በጨለማው ውስጥ የሚመጡ የጦር መርከቦችን አየች። ምልክት ሰጠች። ካፒቴኗ ሌፍ ቬልዲንግ ኦልሰን ከመርከቦቹ ጋር በተፈጠረው ግጭት ሞተ። በመግቢያው አካባቢ ያሉት ምሽጎችም በጭጋጉ ምክንያት ብዙ ሊረዱ አልቻሉም። መርከቦቹ አለፉ። ወሬው በስልክ ወደ ኦስካርስቦርግ መጣ። የማን መርከቦች እንደሆኑ ግን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። እንግሊዝም ሊሆን ይችላል፣ ጀርመንም ሊሆን ይችላል።

የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ቢርገር ኤሪክሰን ነው። ዕድሜው 64። በዚያው ዓመት ጡረታ ሊወጣ ወራት ቀርተውታል። በእጁ ያለው ምንድን ነው? ምሽጉ የገቡት ገና አንድ ሳምንት የሆናቸው ምልምሎች። በቅጡ የሠለጠነ ምድብተኛ የነበረው ለአንድ መድፍ ብቻ ነው። ኤሪክሰን ያንኑ ለሁለት ከፈለው። የጎደለውን በወጥ ቤት ሠራተኞችና በሌሎች ከመድፍ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሰዎች ሞላው። ሙሴና አሮን ጎረሱ። ለኢያሱ የሚተርፍ ሰው አልነበረም። ያች ሌሊት ባዶውን ቆሞ አደረ።

የቶርፔዶው ባትሪ አዛዥ ደግሞ ታሞ ሥራ ላይ አልነበረም። ተተኪው አንድሬያስ አንደርሰን የሚባሉ ጡረተኛ የባሕር ኃይል መኮንን ናቸው። ድሮባክ፣ ከፊዮርዱ ማዶ ቤታቸው ተኝተዋል። በሌሊት ስልክ ተደወለላቸው። ተነሡ፣ አሮጌውን የደንብ ልብሳቸውን ለበሱ፣ በጀልባ ተሻገሩ፣ አለቱ ውስጥ ገቡ። ይህን ባትሪ ከ30 ዓመት በፊት ጀምረው ያውቁታል። ይህን ትዕይንት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በሌሊት ቤታቸው የተቀሰቀሱ አንድ አዛውንት፣ የድሮ ልብሳቸውን ቁልፍ በጨለማ ሲቆልፉ።

መርከቦቹ ቀረቡ። ከፊት የሚመራው ብሉሸር ይባላል። 200 ሜትር የሚያልፍ፣ ከባድ ክሩዘር የሚባል የጀርመን የጦር መርከብ ነው። በውስጡ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ይዟል፤ መርከበኞች፣ እግረኛ ወታደሮች፣ ኦስሎን ተቀብለው የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ጭምር። ጀርመኖቹ ምሽጉ አይተኩስም ብለው ገምተው ነበር። ወይም የማስጠንቀቂያ ጥይት ብቻ ይተኩሳል።

ግምታቸው መሠረት ነበረው። የገለልተኝነት ደንቡ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተኩሱ ይል ነበር። ከበላይም ግልጽ ትእዛዝ አልመጣም። ኤሪክሰን ግን አንድ ሒሳብ ያውቃል። ሁለት የጎረሱ መድፎች አሉት። እንደገና ለማጉረስ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛ ጋር ደግሞ ከዚያም በላይ። መርከቡ እስከዚያ ያልፋል። አንዱን ጥይት ለማስጠንቀቂያ ካባከነ ግማሽ ኃይሉ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አላስጠነቀቀም። «ወይ እሸለማለሁ፣ ወይ ጦር ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ተኩስ!» እንዳለ ይነገርለታል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ21 ነበር። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንዱ ተኮሰ፣ ሌላው ተከተለ። ሁለቱም መቱ። መርከቡ ወዲያው በእሳት ተያያዘ። ለእግረኛው ጦር የተጫነው ጥይትና ነዳጅ እላይ ወለሉ ላይ ስለነበር እሳቱ ቀለብ አገኘ። ድሮባክ በኩል ያለው የኮፖስ ባትሪም በ15 ሴንቲ ሜትር መድፎቹ ይወርድበት ጀመር። በዚህ መካከል ከመርከቡ የጀርመን መዝሙር ሲዘመር ተሰማ ይባላል። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ማንን እንደመቱ ያወቁት ያኔ ነው።

ብሉሸር ግን አልቆመም። እየነደደ ወደፊት ሄደ፣ መድፎቹን አለፈ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መርከቡ ተጎድቶም ቢሆን ኦስሎ ሊደርስ ይችል ነበር። ያለፈው ግን በአንደርሰን አለት ፊት ነው። ጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ። ሁለት ቶርፔዶዎች ተለቀቁ። ሁለቱም መቱት፣ ከውኃው በታች። አርባ ዓመት ያስቆጠሩ ቶርፔዶዎች ናቸው። ሥራ ይሠራሉ ብሎ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ያን «አሮጌ መድፍ አሰመጠው» የሚለውን አባባል ማረም ያለብን። መድፎቹ መርከቡን አነደዱት፣ አደናገሩት፣ አቆሰሉት። ያሰመጠው ከውኃ በታች የገባው ቀዳዳ ነው። እሳቱ ደግሞ በኋላ ውስጥ ወዳለው የጥይት ማከማቻ ደርሶ አፈነዳው። መድፍ ብቻውን፣ ቶርፔዶ ብቻውን፣ ግንቡ ብቻውን ምናልባት አይበቁም ነበር።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ላይ ብሉሸር ተገልብጦ ሰጠመ። ውኃው በረዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነው፤ ላዩ ላይ የፈሰሰው ነዳጅ ይነድዳል። የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ግምቶች አሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፣ የት እየሄዱ እንደሆነ በባሕር ላይ ሳሉ የተነገራቸው። ይህንን ዘሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ከኋላ ይከተል የነበረው ሉትሶቭ የተባለው መርከብም ተመቶ ነበርና ሌሎቹን ይዞ ዞረ። ወታደሮቻቸውን ወደ ታች ወርደው የብስ ላይ አራገፉ። ይህ ሰዓታት ፈጀ። ያ ሰዓት ነው የኖርዌይን ዕጣ የለወጠው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ23 ላይ ንጉሥ ሃኮን ሰባተኛ፣ ቤተ ሰቡ፣ መንግሥቱና የፓርላማ አባላት በልዩ ባቡር ከኦስሎ ወጡ። 50 ቶን የሚሆነው የብሔራዊ ባንኩ ወርቅም ከከተማዋ ወጣ፤ በመኪና፣ በባቡርና በጀልባ ተጉዞ ከአገር ተሻገረ። ንጉሡ በማግስቱ የጀርመንን ጥያቄ እንደማይቀበሉ ለመንግሥታቸው ተናገሩ። በሰኔ ወር ለንደን ገቡ።

ንጉሥ አለመያዙ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ሰው ሲነገረው በቶሎ ይገባዋል። በዚያች ሌሊት አፄ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ፣ አዲስ አበባም በጣሊያን እጅ ነበረች። ሕጋዊው መንግሥት በሕይወት እስካለ ድረስ ወራሪው አገሩን ያዘ እንጂ አልወረሰም። የኖርዌይ መንግሥትም ለንደን ሆኖ ግዙፉን የአገሪቱን የንግድ መርከብ ኃይል ለተባባሪዎቹ አሰለፈ። ከጦርነቱ በኋላም፣ እኛ የባሕር በር በነበረን ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ባሕር ኃይል በማደራጀትና በማሠልጠን የኖርዌይ መኮንኖች እጅ ነበረበት።

ኦስካርስቦርግስ? ጀርመኖች በዚያው ቀን በአውሮፕላን ለሰዓታት ደበደቡት። በምሽጉ ውስጥ ከነበሩት የሞተ የለም፣ ግን ሰማይን የሚመልስ በቂ መሣሪያም የለም። ኦስሎ እዚያው ዕለት ተያዘች፤ በፎርኔቡ አየር ማረፊያ ባረፉ ወታደሮች። ጀርመኖች ድሮባክንም በየብስ መጥተው ያዙ። በማግስቱ ጠዋት ኤሪክሰን እጅ ሰጠ።

የባሕር ዳር መድፍ ለምን እንደቀረ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ጠላት በተጠበቀበት በር ሲመጣ ነው። ቦታው አይቀየርም፤ ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው። አውሮፕላን ግንቡንም ጥበቱንም አያውቅም። በኋላ ሚሳይል መጣ፣ ከሩቅ፣ ከማይታይ ቦታ የሚተኮስ። አገሮች አንድ በአንድ የባሕር ዳር መድፎቻቸውን ዘጉ። የኦስካርስቦርግ የቶርፔዶ ባትሪ ግን አልቸኮለም። እየታደሰ፣ አሁንም በምስጢር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ አገልግሎት ላይ ቆይቷል። ከዚያ ወታደሩ ራሱ ምሽጉን ለቀቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ተከፈተ።

ኤሪክሰን ጦር ፍርድ ቤት አልቀረበም። ከጦርነቱ በኋላ የኖርዌይ ከፍተኛው የጦር ሜዳ ሽልማት፣ ባለሰይፉ የጦር መስቀል ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1958 አረፈ። ብሉሸር ደግሞ 90 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በውስጡ የቀረው ነዳጅ አብዛኛው ተቀድቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ማንም እንዳይነካው በሕግ ተከለለ፣ መቃብር ነውና።

ኦስሎ አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ከድሮባክ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚየም አለ፣ ሆቴልም አለ። መድፎቹ ጋ ስትደርሱ ጀርባቸው ላይ ቁሙና አፈሙዙ ወደሚያይበት ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ከዚያ ወደ ሰሜናዊቷ ደሴት ተሻግራችሁ የቶርፔዶውን ሐዲድ እዩ። ምዕራብ በኩል ያለው የድንጋይ ግንብ ዛሬም ከውኃው በታች አለ። ትላልቆቹ መርከቦች ወደ ኦስሎ ሲገቡ ዛሬም ወደ ምሥራቅ ታጥፈው፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ በሦስቱ መድፎች ፊት ነው የሚያልፉት።